የዚህ ወር ደብዳቤዎች፦ ፍሬት የሌለው ቤዝ

ባለፈው እትም ስለ ቤዝ ጊታር ክሮች ስጽፍ ፍሬት የሌለውን ቤዝ በአንዲት መስመር ብቻ ነክቼው አልፌ ነበር። የመጡልኝ ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለዚያች መስመር ናቸው፤ በተለይ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅም ዘፈኖችና የተወሳሰበ አቆጣጠር ያለውን የሮክ ዓይነት) የሚያዳምጡና የሚጫወቱ አንባቢዎች አላስቀመጥ ብለውኛል። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ጉዳይ የለንም። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አድማጭ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም። ፖርኩፓይን ትሪ የተባለውን የሮክ ቡድን የቆዩ ሥራዎች ስሰማ ቤዙ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። ጓደኛዬ «በኢፌክት የተሠራ ነው» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል። የሚሰሙት ከ1993 ማብቂያ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የቡድኑን ቤዝ የያዘው ኮሊን ኤድዊን ነው፤ ያ ማንጎራጎርም የሚወጣው ከእንጨት፣ ከክርና ከጣት ነው።

በተለመደው ቤዝ አንገት ላይ በየግማሽ ድምፁ ርቀት የተቀበሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ። ፍሬት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጣት ክሩን ሲጫነው ክሩ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ስለሆነ የኖታውን ከፍታ የሚቆርጠው ብረቱ ነው። ጣቱ ከብረቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀር ለውጥ የለውም። ብረቶቹ ከሌሉ ግን ክሩ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ያርፋል፤ የኖታውን ከፍታ የሚወስነውም ጣቱ ያለበት ቦታ ነው። እንደ ቼሎና እንደ ኮንትራባስ ማለት ነው።

ዜማ የሚያስመስለው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ ክሩ ከብረቱ ጠርዝ በድንገት ይነሣና በነፃነት ይርገበገባል፤ ኖታው ሲመታ ጎልቶ ይወጣል፣ ከዚያ እየከሰመ ይሄዳል። ፍሬት በሌለው ላይ ክሩ ከጠፍጣፋው ሰሌዳ የሚነሣው በጣም በጠበበ ማዕዘን ነው። ሲርገበገብ ከጣቱ ፊት ያለውን እንጨት በስሱ እየዳበሰ ይቆያል። ይህ መዳበስ ሃርሞኒክ የምንላቸውን የላይኛዎቹን ድምፆች ከኖታው መነሻ ትንሽ ዘግይቶ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ኖታው ለስለስ ብሎ ይጀምርና አፉን ቀስ ብሎ እንደሚከፍት ሰው ይሰፋል። ቤዝ ተጫዋቾች በየአገሩ ይህን ድምፅ «ምዋ» ይሉታል። ከንፈርዎን ገጥመው ድምፅ እያወጡ ቀስ ብለው ቢከፍቱት ምን እንደምል ይገባዎታል፤ ሰው በሌለበት ይሞክሩት።

ሁለተኛው ምሥጢር በኖታና በኖታ መካከል ያለው መንገድ ነው። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው መሸጋገር ደረጃ በደረጃ ነው። እዚህ ግን ጣት ተንሸራትቶ በመካከሉ ያለውን ሁሉ ሊያሰማ ይችላል። ጆሯችን ይህን ከዘፋኝ ስለለመደው ወዲያው «ሰው ነው» ይለናል።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል። እሱ ፍሬት የሌለውን ቤዝ የጃዝ ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ፈጠረው፣ ፕሮግረሲቭ ሮክም ከእሱ ወረሰው ይላል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ነበረ እላለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም።

መልስ፦ ማስረጃውን ልስጥህ፤ ወንድምህን ግን ብዙ አታናድደው፣ ግማሽ እውነት አለው።

የሮሊንግ ስቶንሱ ቢል ዋይማን በ1961 ከአንድ ርካሽ ቤዝ ላይ ፍሬቶቹን ነቅሎ ነበር። ሐሳቡ አዲስ ፍሬት ሊያስገባለት ነበር፤ ድምፁን ሲሰማው ግን እንዲሁ ተወው። በ1966 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ፍሬት የሌለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አቀረበ። «ዘ ባንድ» የተባለው ቡድን ቤዝ ተጫዋች ሪክ ዳንኮ ከተጫወቱበት አንዱ ነው። ፌንደርም በ1970 ፕሪሲዥን ቤዙን ያለ ፍሬት ማምረት ጀመረ። ጃኮ በስሙ የተጠራውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1976 ነው። በዚያው ዓመት ዌዘር ሪፖርት የተባለውን የጃዝ ቡድን ተቀላቀለ። ስለዚህ መሣሪያውን አልፈጠረውም። የፈጠረው መሣሪያው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ፍሬቶቹ በተነቀሉበት የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዙ ላይ ለጀልባ የሚሆን ኢፖክሲ ቀብቶ ሰሌዳውን እንደ መስታወት አጠነከረው። ድምፁ ብሩህና ረጅም ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤዝ የያዘ ሁሉ ስለ እሱ አንድ አቋም መያዝ ግድ ሆነበት።

ወንድምህ የተሳሳተው «ፕሮግረሲቭ ሮክ ከጃኮ ወረሰው» ያለው ላይ ነው። ዌልሳዊው ፐርሲ ጆንስ በብራያን ኢኖ «አናዘር ግሪን ወርልድ» አልበም ውስጥ ፍሬት የሌለውን ቤዝ የተጫወተው በ1975 ነው፤ የጃኮ አልበም ገና አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት ጆንስ አባል የሆነበት ብራንድ ኤክስ «አንኦርቶዶክስ ቢሄቪየር» የተባለውን አልበም አወጣ። ከበሮው ላይ የጄነሲሱ ፊል ኮሊንስ ነበር። ሁለቱን ቤዝ ተጫዋቾች አከታትለህ ስማቸው። ጃኮ ይዘምራል፤ እኩል የተከፋፈሉ ፈጣን ኖታዎቹ እያንዳንዳቸው ጥርት ብለው ይቆጠራሉ። ጆንስ ግን ያጉረመርማል፣ ድንገት ይቆርጣል፣ ከታች ወደ ላይ ተስፈንጥሮ አንድ ሃርሞኒክ ጥሎ ይመለሳል፤ ከበሮውን የሚያጅብ ሳይሆን ከበሮውን የሚሞግት ነው። በእኔ ግምት ለፕሮግረሲቭ ሮክ የቀረበው የእሱ መንገድ ነው፤ ስሙ ግን የሚጠራው ከሚገባው በታች ነው። በብራንድ ኤክስ ውስጥ በኋላ ቤዝ የያዘው ጆን ጊብሊንም ሊረሳ አይገባም፤ በኬት ቡሽ የ1980 «ባቡሽካ» ውስጥ በድምፃዊቷ ሥር እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቤዝ የእሱ ነው።

ወንድምህ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ካላመነ ከፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዎል» ላይ «ሄይ ዩ»ን ክፈትለት። አልበሙ የ1979 ነው። በመጀመሪያ ቀጭን የአኩስቲክ ጊታር አለ፤ ከዚያ ቤዙ ከታች ተንሸራትቶ ይገባል፤ ዘፈኑም ወዲያው ሰፊ ባዶ ክፍል ይሆናል። «ማን ነው የተጫወተው?» ብለህ ጠይቀው። ሮጀር ዋተርስ ነው ማለቱ አይቀርም። የተጫወተው ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ነው። ጊልሞር በጊታሩ ላይ ክር እየሳበ በኖታዎች መካከል መኖርን የለመደ ሰው ስለሆነ ፍሬት የሌለው ቤዝ እጁ ላይ እንግዳ አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል። ቶኒ ሌቪን አለ። በኪንግ ክሪምሰን የምናውቀው በጣቶች መታ እየተደረገ በሚጫወቱት ባለ ብዙ ክር መሣሪያ፣ በቻፕማን ስቲክ ቢሆንም በፒተር ጋብርኤል የ1986 «ስሌጅሀመር» ላይ የሚሰማው ፍሬት የሌለው ሚዩዚክ ማን ቤዙ በኦክታቭ ፔዳል (ኖታውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ በሚደርብ ኢፌክት) አልፎ ነው። ጃፓን በተባለው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሚክ ካርን ነበረ። ካርን ቤዙን ወደ ፊት አምጥቶ ሁለተኛ ዘፋኝ አደረገው። የ1981ን «ቲን ድረም» ስትሰማ ዜማው ከየት እየመጣ እንደሆነ ትጠራጠራለህ። የጃፓን ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ሪቻርድ ባርቢየሪ በኋላ ፖርኩፓይን ትሪ ገባና ከኮሊን ኤድዊን ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። ከላይ የጻፉልኝ አድማጭ የሚሰሙት ማንጎራጎር ዘመዶቹ እነዚህ ናቸው።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ሜታል። በ1993 ብቻ ሦስት አልበሞች ወጡ፦ ስቲቭ ዲጆርጂዮ ከዴዝ ጋር የተጫወተበት «ኢንዲቪጁዋል ቶት ፓተርንስ»፣ ሾን ማሎን ከሲኒክ ጋር የሠራው «ፎከስ»፣ የሩን ፓውል ቴሰሊንግ ከፔስቲለንስ ጋር የሠራው «ስፊርስ»። ሦስቱም ላይ ያለው ቤዝ ፍሬት የሌለው ነው። በከባድ ጊታር መካከል ለስላሳ ቤዝ ይዋጣል ብለህ ትገምት ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጊታሮቹ በታፈነ እጅ አጭር አጭር እየቆረጡ ሲሄዱ ረጅም ድምፅ የሚይዝ አንድ መሣሪያ ብቻ ይቀራል፤ ጆሮም እሱን ተከትሎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከወጣትነቴ ጀምሮ የየስና የጄነሲስ አድማጭ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍሬት የሌለው ቤዝ የጃዝ ሰዎች ጉራ ነው። የፕሮግረሲቭ ሮክ ቤዝ ማለት በፒክ (በጣት በሚያዝ መምቻ) የሚመታ፣ ጥርስ ያለው ሪከንባከር ቤዝ ነው። የየስን ቤዝ ተጫዋች ክሪስ ስኳየርን የሚያህል ምን ተገኘ?

መልስ፦ በስኳየር ላይ አልከራከርዎትም፤ ቤዝን ከጊታር ጋር ትከሻ ለትከሻ ያቆመ ሰው ነው። ያ ድምፅ ጥርስ ያወጣው በአዲስ ክር፣ በፒክና በፍሬት ነው፤ ፍሬቱን ቢነቅሉበት ጥርሱም አብሮ ይነቀላል። አንድ ክፍል በሰባት፣ ቀጣዩ በአምስት ሲቆጠርና ጊታር፣ ኦርጋንና ቤዝ አንዱን ሐረግ በአንድነት ሲመቱ የሚያስፈልገው የኖታው መነሻ ነው። እዚያ ላይ ፍሬት የሌለው ቤዝ ይደበዝዛል።

ጉራ ያሉትን ግን አልቀበልም። ወይም ለግማሹ ብቻ እቀበላለሁ፦ ኖታ በደረሰ ቁጥር ከታች ተንሸራትቶ የሚገባ ተጫዋች እኔንም ያስመርረኛል። እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ የሚዘፍን ዘፋኝ ማን ይታገሣል? እኔ ተማሪዎቼን በመጀመሪያዎቹ ወራት መንሸራተት እከለክላቸዋለሁ። ኖታውን በቀጥታ ይመቱታል፣ ልክ ቢሆንም ባይሆንም እዚያው ይቆማሉ። ብዙው መንሸራተት ጌጥ ሳይሆን ኖታውን ያልተማመነ ጣት ፍለጋ ላይ መሆኑን የሚሸፍንበት ዘዴ ነውና።

እርስዎ የሚወዱት ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ሲረዝም በመካከሉ ሁልጊዜ አንድ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ከበሮው ወደ ሲምባል ብቻ ይቀንሳል፣ ኪቦርዱ አንድ ኮርድ ይዞ ይቆያል። የፍሬት አልባው ቤዝ ቦታ እዚያ ነው። እዚያ ላይ ፒክ ያለው ሪከንባከር በጣም ብዙ ያወራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምስት ሆነን ባንድ አቋቁመናል። ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ በሰባትና በአሥራ አንድ የሚቆጠሩ ናቸው። ከምጫወትበት ቤዝ ሌላ አንድ አሮጌ ቤዝ አለኝ፤ ፍሬቶቹን ነቅዬ ልሞክረው አስቤያለሁ። ጊታሪስታችን «ባንዱን ታበላሺዋለሽ» ብሎ ፊቱን አዙሮብኛል። ምን ልሥራ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለተኛ ቤዝ ስላለሽ ንቀዪ። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አትንኪው እልሽ ነበር።

አነቃቀሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬቱን በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ መበየጃ ብረት አሙቂው፤ ሙጫ ካለው ይላላል፣ እንጨቱም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ከዚያ አፉ ጠፍጣፋ በሆነ መቁረጫ ጉጠት ከአንዱ ጫፍ ሥሩ ገብተሽ ጥቂት ጥቂት እየጨመቅሽ ወደ ሌላው ጫፍ ሂጂ። መጨመቁ ራሱ ያነሣዋል። ወደ ላይ ከጎተትሽው የሰሌዳውን ጠርዝ ፈልቅቆ ይዞ ይወጣል። የቀሩትን ስንጥቆች ስስ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በሙጫ አስገብተሽ ሙያቸው። ባዶ አይተዉም፤ በስንጥቆቹ ውስጥ የነበሩት ብረቶች አንገቱን ያጠነክሩት ስለነበር ባዶ ከቀሩ ክሮቹ ሲወጠሩ አንገቱ ከልኩ በላይ ይጎብጣል። ቁራጮቹ ከሰሌዳው የተለየ ቀለም ካላቸው የፍሬቶቹ ቦታ በመስመር ይታይሻል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሲደርቅ የሰሌዳውን ጉብታ ሳታበላሺ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ምዋ የለውም» ብሎ ያማርራል። ፍሬቶቹ ሲነሡ ቁመታቸውም አብሮ ስለሚነሣ ክሮቹ ከሰሌዳው ርቀው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በአንገቱ ራስ ላይ ያለውን፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነት ሞርደሽ ክሮቹ እዚያ ጋ ሰሌዳውን ሊነኩ ምንም እስከማይቀራቸው ድረስ አውርጃቸው፤ ወፍራም ወረቀት ብቻ ይለፍ። ከዚያ በሌላው ጫፍ ክሮቹን የተሸከመውን ብሪጅ ዝቅ አድርጊ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ዘንግ አጥብቀሽም አንገቱን ቀጥ ወደ ማለት አቅርቢው። ምዋ የሚመጣው ክሩ ለእንጨቱ ሲቀርብ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንገቱ ጎን ላይ ያሉት ነጠብጣቦች የተሠሩት ፍሬት ላለው ቤዝ ስለሆነ የሚገኙት በሁለት ፍሬቶች መካከል ነው። ጣትሽን በነጠብጣቡ ትይዩ ካሳረፍሽው ኖታው ዝቅ ይላል። ጣትሽ ማረፍ ያለበት መስመሩ ላይ ነው፤ ልክ መስመሩ ላይ፣ ከኋላው አይደለም። ፍሬት ያለው ቤዝ ያስለመደሽን «ከብረቱ ትንሽ ወደ ኋላ» የሚለውን ልማድ እጅሽ እስኪረሳው ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ጊታሪስታችሁ፦ ፊቱን ያዞረው የሰባቱንና የአሥራ አንዱን ሐረጎች እያሰበ ከሆነ ልክ ነው። እነሱን በአሮጌው ልማድሽ በፍሬት ተጫወቺ። ከዘፈኖቻችሁ መካከል ረጋ ያለ ክፍል ያለውን አንዱን ምረጪና ፍሬት የሌለውን እዚያ ላይ ብቻ ይዘሽ ግቢ። እንዳታስረጂው፤ አጫውቺው። በዚያ ክፍል ውስጥ ኖታ ቀንሺ፦ አራት ትመቺ ከነበረ ሁለት ምቺና ሁለቱን እስከ መጨረሻቸው ያዢያቸው። ማርገብገብ ስትፈልጊ ጣትሽን ክሩን ተከትለሽ ወደ ላይና ወደ ታች አንከባልዪው፤ እንደ ጊታር ክሩን ወደ ጎን አትሳቢው፣ እዚህ መሣሪያ ላይ ብዙ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ስለማመድ ልክ ይመስለኛል፤ ከኪቦርድ ጋር ስጫወት ግን ሁሉም ነገር ይጣላል። ጆሮዬ ነው ወይስ ጣቴ?

መልስ፦ ሁለቱም፤ የበለጠው ጥፋት ግን የሂሳቡ ነው። መደበኛ ቤዝ ላይ ከነት እስከ ብሪጅ ያለው የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ድምፅ ከነት 48 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። አንድ ኦክታቭ ስትወጣ፣ ክሩ እኩል የሚከፈልበት 432ኛው ሚሊ ሜትር ላይ ስትደርስ፣ ቀጣዩ ግማሽ ድምፅ የሚርቀው 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሜዳው በግማሽ ጠበበ፤ የጣትህ ስፋት ግን አልተለወጠም።

ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ብንከፍለው አንዱ ክፍል ሴንት ይባላል። ታች፣ ነቱ አካባቢ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ብትስት የምትስተው 2 ሴንት ያህል ነው። ኦክታቩ ላይ ያችው አንድ ሚሊ ሜትር 4 ሴንት ትሆናለች። ሁለተኛው ኦክታቭ ላይ ደግሞ 8። የጣትህ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ቢንከባለል በቀላሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ እሱም ኦክታቩ ላይ 12 ሴንት ነው፤ ከኪቦርድ አጠገብ ያለ ጥርጥር ይሰማል። በዚያ ላይ ጆሯችን ወፍራም ኖታዎች ላይ ቸር ነው። ዝቅተኛው ክርህ 41 ኸርዝ ላይ ሲርገበገብ ትንሽ ስሕተት ይቅር ይባላል፤ ላይ ስትወጣ ይቅርታ የለም።

ብቻህን ስትሆን ልክ የሚመስልህ ጆሮህ ጣትህን ስለሚከተል ነው። ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ያለ ኪቦርድ ሜጀር ሦስተኛን በጆሮህ ፍለጋ ካገኘኸው ጆሮ የሚወደው ቦታ ኪቦርዱ ከተቃኘበት 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። በራስህ ልክ ነህ፣ ከኪቦርዱ ጋር ግን ተጣላህ። ኪቦርድ ባለበት ዳኛው ኪቦርዱ ነው። ከዘፋኝ ወይም ከቫዮሊን ጋር ብቻ ስትሆን ግን ሦስተኛዋን ዝቅ አድርገህ አስማማት፤ ይህን ነፃነት ፍሬት ያለው ቤዝ አይሰጥህም።

ለልምምድ ከኪቦርዱ አንድ ኖታ ብቻ አስይዘህ ሳያቋርጥ እንዲሰማ አድርግ። በእሱ ላይ ስኬልህን በጣም ቀስ ብለህ ውጣ። ኖታህ ከተያዘው ኖታ ጋር ሲጣላ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው እስኪቆም ጣትህን አንከባልል። መስመር አትመልከት። ከመቀመጫህ ላይ ሆነህ ወደ አንገቱ ስታይ ዓይንህ መስመሩን ከጎን ስለሚያየው ያታልልሃል።

እግረ መንገዴን፦ ክፍት ክር (ጣት ያልተጫነውን) ስትመታ ድምፁ ከሌሎቹ ኖታዎች ተለይቶ እንደሚደምቅ አስተውለሃል? ነቱ ጠንካራ ስለሆነ ምዋ የለውም። በአንድ ዜማ መካከል ድንገት ክፍት ላ ከመምታት ያንኑ ላ ዝቅተኛው ክር ላይ አምስተኛው ቦታ ላይ ፈልገው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፦ ጠፍጣፋ ክር ወይስ ክብ? መስመር ያለው ሰሌዳ ወይስ የሌለው? ኮረስ ፔዳልስ?

መልስ፦ በአጭሩ፦ ሽቦው ክብ ሆኖ የተጠቀለለበት ክር ምዋው ብዙ ነው፤ ሰሌዳውን ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሰሌዳህ ኢቦኒ የተባለው ጠንካራ እንጨት ወይም ኢፖክሲ የተቀባ ከሆነ ይቋቋማል፣ ሮዝውድ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ትጠግነዋለህ። ጠፍጣፋው ለሰሌዳው ይራራል፤ ድምፁ ወደ ኮንትራባስ ያደላል። መስመር ያለው ይሻላል፤ የሚያፍሩበት ሰዎች ለምን እንደሚያፍሩ ገብቶኝ አያውቅም፣ የጃኮም ቤዝ መስመር ነበረው። ኮረስ ድምፁን ደርቦ ስለሚያወዛውዝ የቅኝት ስሕተትን በደንብ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ስትለማመድ አጥፋው።

ጥያቄ፦ ስቱዲዮ ገብተን አንድ ዘፈን ቀዳን። ቤዜን ለብቻው ስንሰማው ድንቅ ነው። ሜሎትሮን (በቴፕ የተቀዱ ድምፆችን የሚያጫውት ኪቦርድ) እና የተዛባ ጊታር ሲጨመርበት ግን ይጠፋል። ድምፁን ብንጨምረውም ወፈረ እንጂ አልወጣም።

መልስ፦ ድምፅ መጨመር ያወፈረው በቂ የነበረውን የታችኛውን ክፍል ስለጨመራችሁ ነው። የፍሬት አልባ ቤዝ ማንነቱ ያለው መካከለኛው ላይ፣ በግምት ከ500 እስከ 1000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ሜሎትሮንና የተዛባ ጊታርም ቤታቸው እዚያው ነው፤ የተጣላችሁት በመኖሪያ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ከመሣሪያው ጀምሩ። ወደ ብሪጁ የሚቀርበውን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን) ብቻ ክፈቱ፤ ቀኝ እጅህንም ወደዚያው አስጠጋ። ለብቻው ስትሰማው የሳሳ ይመስልሃል፤ አይደንግጥህ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲገባ መጠኑን ያገኛል። ቀጥሎ ኮምፕረሰር (ጎላ ያለውን ድምፅ የሚገታ መሣሪያ)፦ የኖታው መነሻ ትንሽ ሲገታ ከኋላ የሚመጣው ምዋ ወደ ፊት ይወጣል። ከዚያ ከጊታሩ ላይ በዚያው በመካከለኛው ክልል ጥቂት ቀንሱ፤ ቤዙ ላይ ከመጨመር ከጊታሩ መቀነስ የተሻለ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ በግራ እጁ ምን እየያዘ እንደሆነ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው እዚያ ነው። ግራ እጁ አንተ የምትመታውን ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ወይም እዚያው ላይ ይደግመዋል፤ ኪቦርዱ አይንሸራተትም፣ አንተ ትንሸራተታለህ፣ ሁለታችሁም ትደፈርሳላችሁ። በሚቀጥለው ልምምድ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲያስገባ ንገረውና ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት። ይቀየማል። ከዚያ የሳሳባችሁ ቦታ የት እንደሆነ አንድ ላይ አዳምጡና እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እጁን ያውጣ።